እጄ ሲበሰብስ የዋጥሁት ፍሬ ሁሉ

ቆዳና ሌጦ ነጋዴ ነኝ። ከባለቤቴ ከሞላ ጋር ማክሰኝት ላይ አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን አለችን። የበሬ ቆዳ፣ የበግና የፍየል ሌጦ እየገዛን፣ ጨው እየነሰነስን እንከምራለን፤ አንድ ጭነት ሲሞላ እንልካለን። ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው። ሰው በበራችን ሲያልፍ በነጠላው አፍንጫውን ይሸፍናል፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። እንዲያውም አፍንጫቸውን በሚይዙት ሰዎች በሆዴ እስቅ ነበር። ሥጋውን ሲበሉት ያልሸተታቸው፣ ቆዳው ሸተታቸው እል ነበር።

የራሴን እጅ ሽታ ግን አልቻልሁትም።

ይህን የማወራ ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። እጄን ያበሰበሰው ተዋሲያኑ ብቻውን ቢሆን ኑሮ በሽታ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን እኔም አለሁበት፣ መድኃኒት ሻጩም አለበት፣ ክሊኒኩም አለበት። ያን ሳስበው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

ነገሩ የጀመረው የፋሲካ ሰሞን ነው። ፋሲካ ለእኛ እንደ አዝመራ ነው፤ ቆዳው በአህያ፣ በባጃጅ፣ በትከሻ ይጎርፋል። በዚያ ሩጫ መሐል አንድ የበሬ ቆዳ ስዘረጋ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ተሰብራ የቀረች የቢላዋ ጫፍ የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት ከሥሩ ወጋችኝ። ጠብ ያለችው ደም ትንሽ ናት። በሽርጤ ጠረግሁትና ጨው መነስነሴን ቀጠልሁ። ጨው ስለሆነ ቁስሉን ያጥበዋል ብዬ ነው። ሦስት ቀን ማዳበሪያ ውስጥ የሰነበተ ቆዳ የነካ ጨው ምን እንደሚያጥብ እግዜር ይወቀው።

በሦስተኛው ቀን ጣቴ አብጦ አልታጠፍ አለኝ። እኛ ዘንድ ለቁስል የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ይፈለቀቃል። ፍሬው የተሠራው ለመዋጥ ነው፤ እኛ ግን ለሁለት ከፍለን ቢጫውን ዱቄት ቁስል ላይ እንነሰንሰዋለን። እናቴም እንዲሁ ስታደርግ ነው ያደግሁ። ነሰነስሁት። ዱቄቱ ከመግሉ ጋር ተቦክቶ ደረቀና እንደ ቅርፊት ሆነ። ከላይ ላየው የዳነ ይመስላል። ጠርዙን ጫን ሳደርገው ግን ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ መግል ብቅ አለ፤ ከሱም ጋር ሽታው መጣ። የቆዳ ሽታ አይደለም፤ የቆዳን ሽታ አውቀዋለሁ። ይኸ ጣፋጭነት ያለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ ሽታ ነው።

መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ሻጩ የማውቀው ሰው ነው። እጄን ዘርግቼ ላሳየው ስል ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣

"ስንት ፍሬ ልስጥሽ?" አለኝ።

"የምኑን?"

"አሞክሳሲሊን ነዋ። ለቁስል እሱ ነው።"

"አላየኸውም እኮ።"

"ቁስል ቁስል ነው እትዬ ታንጉት። ምኑን አየዋለሁ?"

ስድስት ፍሬ በወረቀት ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ስንት ቀን እንደሚወሰድ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት። አራቱን ዋጥሁ። እብጠቱ ጎደል ያለ መሰለኝ። ሁለቱን ለሌላ ጊዜ ይሆናሉ ብዬ አስቀመጥኋቸው፤ በማግስቱ ቆዳ ጫኛችን ጥርሱን አሞት ሲያቃስት አንሥቼ ሰጠሁት። እሱም መርቆኝ ዋጣቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለሱም ለኔም መርዝ ያህል እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

በሳምንቱ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ ድካም ነው አልሁ። ቀጥሎ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ አንዘፈዘፈኝ፤ ሦስት ጋቢ ደርበውብኝም አልሞቀኝ። ሞላ፣ "ጎንደር እንሂድ" አለ። በዚያ ሳምንት መንገዱ በጸጥታ ችግር አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሁለት ቀን ጠብቀን በሦስተኛው ተሳፈርን፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ የሞላ እኅት የሻረግ ቤት ወረድን። የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ ለተማሪ ክፍል እያከራየች የምትኖር ሴት ናት። በሩ ላይ ስታቅፈኝ ፊቷን ወደ ጎን ስትመልስ አየኋት። ሸትቻት ነው።

የገባንበት ክሊኒክ መጠበቂያው በሰው ታጭቋል። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥሁ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ትንሽ ራቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ ትንሽ፤ ኋላ ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል በግራ በቀኜ ሰው የሌለ እኔ ብቻ ሆንሁ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ስቄ፣ ተራው ለኔ ደረሰ።

ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ወረቀቱን አየና፣

"ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሻል" አለኝ።

እኛ አገር ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣ ሰው አላውቅም። እንደ መንታ ልጆች ስማቸው ተለያይቶ አይጠራም።

"እጄስ?" አልሁት፤ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ።

አንገቱን መለስ አደረገ። "እሱ የላይ ቁስል ነው፤ ቅባት እናዝለታለን። ትኩሳቱ የታይፎይዱ ነው።"

ለታይፎይዱ ሲፕሮ፣ ለታይፈሱ ዶክሲሳይክሊን የሚባል ፍሬ አዘዘልኝ። እስከዚያ ቀን የወሰድሁትን ስቆጥር፣ ቁስሌ ላይ የነሰነስሁትን ጨምሮ አራተኛ ዓይነት መድኃኒት መሆኑ ነው። አንዱም ሲታዘዝ ጣቴን የነካ ሰው የለም።

ሦስት ቀን ዋጥሁ። በሦስቱም ቀን ባሰብኝ። የበላሁት ይመለሳል። ሽንቴ ጠፋ፤ ቀን ሙሉ አንዴ ብሄድ ጥቁር ሻይ የመሰለ ጥቂት ነገር ነው። ትንፋሼ አጠረ፤ ሳልሮጥ አለከልካለሁ። ከእጄ መዳፍ ተነሥቶ እስከ ክርኔ የሚደርስ ቀይ መስመር ወጣ። ጣቴ ጫፉ ጠቆረ። ሞላ ሌሊት ሌሊት ስቃዥ ስሜን ይጠራልኛል፤ "የማን ቤት ነው? ቆዳውን ማን አስገባው?" እያልሁ እንደቀባጠርሁ ኋላ ነገረኝ። ከሁሉ የማልረሳው ግን የራሴ ጠረን ነው። ትራሴ ይሸታል፣ የምጠጣው ውኃ ይሸታል። እጄን ከገላዬ አርቄ ከአልጋው ውጭ አንጠልጥዬ እተኛ ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ሊሆንልኝ።

ባሌና እኅቱ በኔ ነገር ተጣሉ። የሻረግ፣ "ይኸ የሰው ዓይን ነው፤ ጠበል ትግባ" ትላለች። ሞላ፣ "ሐኪሙ ያዘዘውን ትጨርስ" ይላል። ሁለቱም ለኔ ተጨንቀው ነው፤ ሁለቱም ግን እጄ የተጠቀለለበትን ፋሻ ፈትቶ የሚያይ አንጀት አልነበራቸውም። የሻረግ አንዴ ሞክራ ልታጥበኝ ስትል አስመለሳት፤ እየሮጠች ወጣች። እኔም ከሕመሙ ይልቅ የሷ ሩጫ አስለቀሰኝ።

በማግስቱ የየሻረግ ነፍስ አባት ቄስ ውበቱ መጡ። እሷ የጠራቻቸው ጸሎት አድርሰው ወደ ጠበል እንዲወስዱኝ ነው። አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ አፍንጫቸውን አልያዙም። ፋሻውን በራሳቸው እጅ ፈቱት። ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረው፣

"ምነው ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አሉት።

"አባ፣ የሻረግ ጠበል ብትገባ ብላ..."

"ጠበሉ የትም አይሄድም። ይች ሴት ግን እየሄደችባችሁ ነው። ተነሥ፣ ባጃጅ ጥራ።"

"የታዘዘላት መድኃኒት አልጨረሰችም እኮ።"

"እጇን ያላየ ያዘዘላትን ነው? ሲሆን ከሐኪሙ በኋላ ጠበሉን እኔ አመጣላታለሁ። አሁን ተነሥ ብያለሁ።"

በግራ እጄ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ባጃጅ ላይ ደግፈው ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። እኔ በሕመሜ ዘመን ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ የእኒያን ቄስ እጅ ግን አልረሳም።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። የደም ግፊቴን ለካች፣ ትንፋሼን ቆጠረች፣ ፋሻውን ፈታች፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያደረገችው ይመስለኛል። ለሞላ ስትነግረው እሰማለሁ።

"ሴፕሲስ ይባላል። ተዋሲያኑ ከእጇ አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ሰውነቷ እሱን እዋጋለሁ ሲል የራሱን ኩላሊት፣ የራሱን ሳንባ እየጎዳ ነው። ጊዜ የለንም። እስከ ዛሬ ምን ምን መድኃኒት ወሰደች?"

ሞላ አንድ በአንድ ተናገረ። የነሰነስሁትን፣ የዋጥሁትን፣ ያቋረጥሁትን፣ ክሊኒኩ ያዘዘውን። እሷ ስትጽፍ ብዕሯ ይሰማል። ሲጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለቱም ክንዴ ደም ቀዱልኝ። ካልቸር ይሉታል፤ ደሙን ተዋሲያን የሚወደው ምግብ ባለበት ጠርሙስ ያስቀምጡትና እስኪበቅል ጠብቀው፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይሞክሩበታል። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ ደግሞ በሽተኛው አይጠብቅም። ስለዚህ ወዲያው ብዙ ዓይነት ተዋሲያን የሚመታ ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ በደም ሥሬ ጀመሩልኝ። እጄንም ቀደው መግሉን አፈሰሱት። መቀበያው ሳሕን ላይ የወረደውን አየሁ። አትዪ ብለውኝ ነበር፤ አየሁት። ያ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር ወይ?

ከጎኔ ባለው አልጋ በዚያው ቀን የገቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማ ዘርፌ ይባላሉ፤ አገራቸው ኮሶዬ ነው። እግራቸውን ዶማ ስቷቸው መትቷቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ እንደኔው ወደ ደም ገብቶባቸዋል። ልጃቸው አድማሱ ነው የሚያስታምማቸው፤ ቁመቱ በሩን የሚሞላ ገበሬ። ሁለታችንም አንድ በሽታ፣ ሁለታችንም አንድ መርፌ። ብልቃጡ እንኳ አንድ ዓይነት ነው።

በሦስተኛው ቀን እማ ዘርፌ ቀና ብለው ተቀመጡ።

"አድማሱ፣ ራበኝ። ቆሎ የለህም ወይ?" አሉ።

"እማ፣ ትናንት እኮ አታውቂኝም ነበር!"

"ዛሬ አወቅሁሃ። አምጣ እንጂ።"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትኩሳቴ አልወረደም፣ ግፊቴ አልተነሣ አለ፣ ጥቁረቱ ከጣቴ ጫፍ ወደ መሐሉ ወርዷል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት አሮጊቷን ጠላኋቸው። ቆሏቸውን ሲቆረጥሙ ድምፁ አስጠላኝ። እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ ስበሰብስ እሳቸው በሰባ ዓመታቸው ቆሎ ይበላሉ! አንድ መርፌ ለሳቸው ሲሠራ ለኔ ለምን አልሠራም?

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ዶክተሯ ወረቀት ይዛ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች።

"እትዬ ታንጉት፣ ካልቸሩ ወጥቷል። የአንቺ ተዋሲያን ስታፍ የሚባል ነው፤ ያውም መድኃኒት የለመደው ዓይነት። ሴፍትሪያክሶኑ አይነካውም። እስከ ዛሬ ከዋጥሻቸውም ውስጥ ብዙዎቹ አይነኩትም።"

"ስለዋጥኋቸው ነው የለመዳቸው?"

"ያንቺ ብቻ ጥፋት ነው አልልሽም። የለመደው ተዋሲያን ከሌላም ሰው፣ ከሌላም ቦታ ወደ አንቺ ሊመጣ ይችላል። ግን ጥቂት ፍሬ ተውጦ ሲቋረጥ ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይቀራል። ጠንካራው ብቻውን ሲቀር ቤቱ የሱ ይሆናል።"

"አሁንስ?"

"ቫንኮማይሲን የሚባል እንጀምራለን። እሱ ይመታዋል። ጣትሽ ግን ሞቷል፤ ካልወጣ መድኃኒቱ ደም ወደሌለበት ሥጋ አይደርስም።"

ጨው የምበትንበት፣ ብር የምቆጥርበት፣ የማማትብበት ጣት ነው። "አውጪው" አልኋት። በግራ እጄ ፈረምሁ። ሞላ ከፒያሳ እስከ ማራኪ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞሮ፣ በዚያ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ያልበቃውን መድኃኒት ሊመሽ ሲል አገኘው። ብልቃጦቹን በላስቲክ ይዞ ሲገባ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ነበር።

ጣቴን አወጡት። ቫንኮማይሲኑ ቀስ ብሎ ነው የሚገባ፤ አንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንዴ ሲፈጥንብኝ አንገቴና ፊቴ ቀልቶ አሳከከኝ፤ ሲስተሯ መጥታ ፍጥነቱን ቀነሰችው። በየጊዜው ደም እየወሰዱ ኩላሊቴን ያዩታል፤ መድኃኒቱ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላልና። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በሦስተኛው ውኃ ጠጥቼ አልተመለሰም። ሽንቴ መጣ። ሰው በሽንቱ እንዲህ እንደሚደሰት አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን የእማ ዘርፌ ውጤትም ወጣ። የሳቸው ተዋሲያን ሌላ ነው፤ መድኃኒት ያለመደ። ስለዚህ ሐኪሞቹ መርፌያቸውን ቀየሩት፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች፤ ወደ ፔኒሲሊን። ያ አባቶቻችን የሚያውቁት፣ ርካሹ፣ የድሮው ፔኒሲሊን።

ፔኒሲሊኑ ከተጀመረላቸው ከሦስት ቀን በኋላ አድማሱ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

"ምነው ዶክተር!" አለ፣ መተላለፊያው ላይ እንዳለች አግኝቷት። "ለዚች የከተማ ሴት ጠንካራውን ትሰጣላችሁ፤ ለእናቴ የድሮውን! ገበሬ ስለሆን ነው?"

"አይደለም አድማሱ። የእናትህን ተዋሲያን ፔኒሲሊኑ ከሁሉ በላይ ይገድለዋል። አይተነዋል፤ ሞክረነዋል።"

"ያኛው ጠንካራ አይዶለም ወይ?"

"ለእትዬ ታንጉት ተዋሲያን ነው ጠንካራ። ለእናትህ ከፔኒሲሊኑ አይበልጥም፤ ኩላሊታቸውን ግን ሊነካባቸው ይችላል። መድኃኒት በዋጋው አይበላለጥም። ቁልፍና ጓጉንቸር ነው፤ የኔን ቁልፍ ብሰጥህ የአንተን ቤት አይከፍትም።"

አድማሱ አላመናትም። ተመልሶ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ እሱና ሞላ ሲንሾካሾኩ አየሁ። አድማሱ ለሞላ የዋለለት ሰው ነው፤ ጣቴ የወጣ ቀን ሲያለቅስ አቅፎት ያደረ እሱ ነው። ሞላ ከአልጋዬ ራስጌ ካለችው ሣጥን ላስቲኩን አወጣ፤ አንድ ብልቃጥ በአድማሱ እጅ አስገባ። የተኛሁ መስሏቸው ነው።

"ማን ይወጋልሃል?" አለው ሞላ ዝቅ ብሎ።

"ውጭ የማውቀው ሰው አለ። እማን አስወጥቼ አስወግቼ እመልሳታለሁ።"

ያን ጊዜ ያደረብኝ ስሜት ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ማቅለሽለሽ ነው። ሁለት ደጋግ ሰዎች፣ አንዱ ከሚስቱ አልጋ እየሰረቀ፣ አንዱ እናቱን ከሚያድናት መድኃኒት ሊያላቅቃት፣ እርስ በርስ "ወንድሜ" እየተባባሉ። እኔ ለጫኛችን ሁለት ፍሬ ስሰጥ መልኬ ይኸው እንደነበረ አወቅሁ። ያለኝን ኃይል ሁሉ አሰባስቤ ጮኽሁ።

"ሲስተር! ሲስተር ነይ!"

"ታንጉት፣ ዝም በይ!" አለ ሞላ።

"ዝም አልልም። አድማሱ፣ ያንን ብልቃጥ አስቀምጠው። የኔ ነው፤ ዛሬ ማታ ካልገባልኝ በሽታው ሊያገረሽብኝ ነው። ለእማ ዘርፌ ደግሞ ምንም አይፈይድላቸውም።"

"ስስት ነው!" አለኝ አድማሱ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ለራስሽ ሲሆን!"

ሲስተሯ ደረሰች። ሞላ ፊቱን ግድግዳ ላይ አዞረ። "አዋረድሽኝ" ሲል ሰማሁት። በዚያ መሐል እማ ዘርፌ ዱላቸውን ይዘው ከአልጋው ወረዱ፤ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው ቆሙ።

"አድማሱ፣ ና" አሉ። "እየኝ። ቁሜያለሁ ወይስ አልቆምሁም?"

"ቁመሻል እማ።"

"ምን በልቼ ቆምሁ?"

አድማሱ እጁ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ አየ።

"ይኸንኑ የናቅኸውን ነዋ! ያዳነኝን ጥለህ የሰው መድኃኒት ልትሰርቅልኝ? ሸጋ ልጅ ነህ፤ አሁን ግን ደንቁረሃል። ለልጅቱ መልስላት።"

መለሰ። ብልቃጡን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወጥቶ እስኪመሽ አልተመለሰም። እማ ዘርፌ በሳምንቱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሄዱ፤ የቀረውን የሚዋጥ መድኃኒት ሲሰጧቸው አድማሱ "ስንት ቀን? በቀን ስንቴ? ሻል ሲላት ላቋርጥ ወይ?" እያለ ደጋግሞ ሲጠይቅ ሰማሁት። ሲሰናበተኝ አንገቱን ደፍቶ ግራ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

እኔ ከዚያ በኋላም ቆየሁ፤ ስታፍ ደም ውስጥ ሲገባ መድኃኒቱ ለሳምንታት ይወሰዳል። ዶክተሯ በመጨረሻ አንድ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ የተዋሲያኑ ስም፣ የማይሠሩልኝ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የሠራልኝም። "የትም ስትታከሚ ይህን አሳዪ" አለችኝ።

ለምታነቡ ሰዎች ከሕክምና ትምህርት ሳይሆን ከደረሰብኝ ልናገር። ቁስል ላይ ካፕሱል አትፈልቅቁ። ሳያያችሁ ፍሬ ቆጥሮ ከሚሰጥ ሰው አትግዙ። የሰውን ትራፊ አትዋጡ፣ የራሳችሁንም ለሰው አታድሉ፤ ያ ደግነት አይደለም። ብርድ ያንዘፈዘፈው፣ ትንፋሹ ያጠረ፣ ሽንቱ የጠፋ፣ ንግግሩ የተዛባ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ነገ እንወስደዋለን ብላችሁ አትቆዩ። "ጠንካራውን ስጡኝ" ብላችሁ ሐኪም አትለምኑ፤ "የኔን ተዋሲያን አያችሁት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ጠይቄ ቢሆን ጣቴ ይኖረኝ ነበር።

ማክሰኝት ስመለስ ቁስሉ ገና አልተዘጋም፤ በየቀኑ መታጠብና መታሸግ ነበረበት። ለብቻዬ በግራ እጄ አይሆንልኝም። ሞላ ከሆስፒታሉ ነገር በኋላ ብዙ አያናግረኝም ነበር። ጎረቤት አንዷ መጣች፣ ፋሻው ሲፈታ አይታ፣ ልጅ ያለቅስብኛል ብላ ሄደች። ጤና ጣቢያም መንገዱ ተዘግቶ የሚሠራ ሰው አልገባም። የተሰጠንን ጓንትና ፋሻ ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥሁ።

ሞላ ከደጅ ገባ። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። የመጨረሻውን ጨርቅ ሲያነሣ ሥጋው ታየ፤ ጣቴ የነበረበት ጉድጓድ። ፊቱ ነጣ። ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ድንገት ተነሥቶ ሮጠ፤ ከቤቱ ጀርባ ሲያስመልሰው ይሰማኛል።

እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ይኸም እንደሌሎቹ ነው አልሁ።

ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ። ሲጉመጠመጥ ሰማሁ። ተመልሶ ገባ፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አዲስ ጓንት አጠለቀና ተቀመጠ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ጀምሮ ሆስፒታል እንዳሳዩት ቀስ ብሎ አጠበው፣ አደረቀው፣ ጠቀለለው።

"ይሸታል" አለ ሲጨርስ።

"አዎ፣ ይሸታል።"

የፋሻውን ጫፍ አሰረና አሮጌውን ጨርቅ ሊያቃጥል ሰብስቦ ተነሣ።

"ነገም ጧት እኔው ነኝ" አለኝ።